ከ1850 በፊት የኖረ አሜሪካዊ ቅድመ አያትን ከነቤተሰቡ ከመዝገብ ፈልጎ የማግኛ መመሪያ

አሜሪካዊ ያገቡ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ አለ። «የባለቤቴን ወገን ከልጆቹ ጋር እየቆጠርን እስከ 1850 ደረስን። ከዚያ ወዲያ ግን ጠፋብን። ሰውየው ከየት መጣ? አባቱስ ማን ነው?» ይላሉ። አሠራሩን ከነምክንያቱ እዚህ በዝርዝር አስቀምጠነዋል።

መንገዱ 1850 ላይ የሚዘጋው በቆጠራው አሠራር ምክንያት ነው። የአሜሪካ ፌዴራላዊ የሕዝብ ቆጠራ ከ1790 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ ቢካሄድም፣ እስከ 1840 ድረስ በስሙ የሚጻፈው አባወራው ብቻ ነበር። ሚስትና ልጆች በጾታና በዕድሜ ተከፋፍለው በቁጥር ብቻ ይገባሉ። የቤቱ ሰው ሁሉ በስም መጻፍ የጀመረው በ1850 ነው፤ ያውም ነጻ ለሆኑት ብቻ። ስለዚህ ከዚያ በፊት «እገሌ የእገሌ ልጅ ነው» የሚለውን ቃል የምታገኙት ኑዛዜ፣ የመሬት ውል፣ የጋብቻ ዋስትና (ከሠርጉ በፊት ሙሽራውና አንድ ዋስ የሚፈርሙት የግዴታ ወረቀት) እና የወታደር ጡረታ ፋይል ላይ ነው። እነዚህ ደግሞ ከጡረታ ፋይሉ በቀር በአብዛኛው የሚቀመጡት በየካውንቲው (ክፍለ ግዛቱ በሚከፈልበት አስተዳደር) ስለሆነ፣ ከስሙ በፊት ቦታውን ማወቅ የግድ ነው።

ለምሳሌነት የፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንን ቤተሰብ እንጠቅሳለን። መዝገባቸው ለማንም ክፍት ነው፤ ከማሳቹሴትስ ተነሥተው በኒው ጀርሲ፣ በፔንሲልቬኒያና በቨርጂኒያ አልፈው ኬንታኪ ስለገቡም ፈላጊን የሚያስቸግር ነገር ሁሉ ደርሶባቸዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፋሚሊሰርች በተባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ነጻ አካውንት። የካውንቲ ፍርድ ቤቶችን መዝገብ በፎቶ በብዛት የያዘው እሱ ነው። አንዳንዱ ምስል ቤት ሆናችሁ አይከፈትም፤ ወደ ፋሚሊሰርች ማዕከል ወይም አብሮት ወደሚሠራ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ይጠይቃል።
- የአካባቢያችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ። ብዙዎቹ አንሴስትሪ የተባለውን የሚከፈልበት የዘር ሐረግ ድረ ገጽ በነጻ ስለሚያስጠቅሙ ከኪሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።
- በቺካጎው ኒውቤሪ ቤተ መጻሕፍት የተዘጋጀው የጥንት ካውንቲ ድንበሮች አትላስ። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል።
- ሦስት ሰንጠረዥ፣ በወረቀትም በኮምፒውተርም። አንዱ የሰውየው ዘመን በቅደም ተከተል፣ ሁለተኛው የፈለጋችሁበት መዝገብ ዝርዝር (ምንም ያልተገኘበትም ይጻፍ፤ አለዚያ ከወራት በኋላ ያንኑ መዝገብ ትደግሙታላችሁ)፣ ሦስተኛው በዙሪያው የነበሩ ሰዎች ስም።
- ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ፦ የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የቆዩ ደብዳቤዎች፣ የመቃብር ድንጋይ ፎቶ።

አሠራሩ

1. ከምታውቁት ሰው ተነሥታችሁ በአንድ ጊዜ አንድ ትውልድ ብቻ ወደ ኋላ ሂዱ።

እኛ አገር ሰባት ቤት ሲቆጠር ከራስ እንደሚጀመር ሁሉ እዚህም እንደዚያው ነው። የቆጠራ ቅጽ 72 ዓመት ሳይሞላው ለሕዝብ ስለማይከፈት አሁን ያለው የመጨረሻው የ1950ው ነው። ከእሱ ወደ 1850 ውረዱ። የ1890ው ቆጠራ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣ እሳት ምክንያት አብዛኛው ስለጠፋ ከ1900 ወደ 1880 የምትዘሉት ሃያ ዓመት ነው፤ ክፍተቱን በመሬትና በግብር መዝገብ ሙሉት። የ1900ው ቅጽ የትውልድ ወርና ዓመት ይዟል። ከአባወራው ጋር ያለው ዝምድና መጻፍ የጀመረው ደግሞ በ1880 ነው። በ1850፣ በ1860 እና በ1870 ቅጾች ላይ ከአባወራው ሥር የተጻፈችውን ሴት «ሚስቱና የልጆቹ እናት ናት» ብላችሁ አትመዝግቡ። ሁለተኛ ሚስት፣ እህት ወይም የወንድም ሚስት ልትሆን ትችላለች።

2. ቦታውን በየዐሥር ዓመቱ ለዩ።

ካውንቲ እየተከፈለ ስለኖረ ከእርሻው ያልተነቃነቀ ሰው በዕድሜው ሦስት ካውንቲ ውስጥ ሊመዘገብ ይችላል። የቀድሞው መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚቀረው እናት ካውንቲው ዘንድ ነው። ኬንታኪ እስከ 1792 የቨርጂኒያ፣ ሜይን እስከ 1820 የማሳቹሴትስ፣ ዌስት ቨርጂኒያም እስከ 1863 የቨርጂኒያ አካል ነበሩ። አትላሱን ክፈቱና ሰውየው በኖረበት እያንዳንዱ ዐሥር ዓመት የካውንቲውን ስምና ከየትኛው እንደተከፈለ ጻፉ። ጎረቤት ካውንቲዎችንም አትርሱ።

ይህን መዝለል ምን እንደሚያስከትል የሊንከን ወላጆች ጋብቻ ያሳያል። ቶማስ ሊንከንና ናንሲ ሃንክስ ኑሯቸውን የመሠረቱት ኬንታኪ ሃርዲን ካውንቲ ስለነበር ሰዎች የጋብቻውን መዝገብ እዚያ ፈልገው አጡ፤ «አልተጋቡም» የሚል ወሬም ተነዛ። መዝገቡ ግን ዋሽንግተን ካውንቲ ነበር። ዋስትናው የተፈረመው ሰኔ 10 ቀን 1806፣ ሠርጉ የተፈጸመው በ12ኛው ቀን ነው።

ፍርድ ቤቱ ተቃጥሎ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። የቨርጂኒያው ሃኖቨር ካውንቲ መዝገቡን ለጥንቃቄ ብሎ ወደ ሪችመንድ ቢልከውም በሚያዝያ 1865 እዚያው ተቃጥሏል። እንዲህ ሲሆን በክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ የተቀመጡትን የመንግሥት መሬት ስጦታና የግብር መዝገቦች፣ እንዲሁም የጎረቤት ካውንቲ ውሎችን ፈትሹ።

3. ከ1790 እስከ 1840 ያለውን ቆጠራ እንደ ወንፊት ተጠቀሙበት።

ቁጥሩ ስም ባይሰጥም የማይሆነውን ሰው ያስወጣላችኋል። አንድ አባወራ በ1800 «26 እና ከ45 በታች» በሚለው ሳጥን ውስጥ ካለ ከ1755 እስከ 1774 ባለው ጊዜ ተወልዷል። በ1810 «45 እና ከዚያ በላይ» ከሆነ ከ1765 አያልፍም። በ1830 «60 እና ከ70 በታች» ውስጥ ከገባ ከ1760 በፊት አይወለድም። ሦስቱን ስታጋጥሙ ከ1760 እስከ 1765 ገደማ ይቀራችኋል። ለሚስትና ለልጆችም እንደዚሁ አድርጉ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ልጅ ሁሉ የራሱ ላይሆን ይችላል፤ የወንድም ልጅ፣ ተቀጣሪ ወይም ሙያ የሚማር ልጅ አብሮ ይቆጠራል። የ1790ው ቅጽ ለቨርጂኒያ፣ ለኬንታኪ፣ ለኒው ጀርሲ፣ ለዴላዌር፣ ለጆርጂያና ለቴነሲ ስለሌለ በምትኩ የግብር መዝገብ ያዙ።

4. የውርስ ፋይሉን ሙሉውን አውጡ።

ከሁሉም በላይ ዝምድና የሚናገረው ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉ። ብዙ ሰው ከኑዛዜ መዝገብ አንዱን ገጽ አንብቦ ይመለሳል። ያ ጸሐፊው የገለበጠው ቅጂ ነው። ዋናው ፋይል ውስጥ የውርስ አጣሪው ዋስትና፣ የንብረት ግምት፣ የጨረታ ሽያጭ ዝርዝር፣ የድርሻ ክፍፍልና የሞግዚት ሹመት ሊኖር ይችላል። ኑዛዜው ላይ ያልተጠቀሰች ያገባች ልጅ ክፍፍሉ ላይ በባሏ ስም ድርሻዋን ስትወስድ የምትገኘው ለዚህ ነው።

ኑዛዜ ሲነበብ ልብ የሚባሉ ነገሮች አሉ። ስሙ አለመጠቀሱ ልጅ አለመሆኑን አያሳይም፤ ድርሻውን አባቱ በሕይወት ሳለ በመሬት ወስዶ ሊሆን ይችላል። «አንድ ሽልንግ» የተተወለት ልጅም የግድ የተረገመ ወይም የተጣላ አይደለም። ስሟ የተጻፈችው ሚስት የልጆቹ ሁሉ እናት ነች ማለትም አይቻልም። 14 ዓመት የሞላው ልጅ ሞግዚቱን ራሱ መምረጥ ይችል ስለነበር «እገሌን መረጠ» የሚል ቃል ካገኛችሁ ልጁ ከ14 በላይ፣ ከ21 በታች ነው።

ሕጉንም እወቁ። በቨርጂኒያ ኑዛዜ ሳይተው የሞተ ሰው መሬት እስከ 1787 መጀመሪያ ድረስ በሙሉ ለበኩር ልጅ ይሄድ ነበር። የፕሬዚዳንቱ አያት ካፒቴን አብርሃም ሊንከን ኬንታኪ ውስጥ የተገደለው በ1786 ስለሆነ መሬቱን የወረሰው በኩሩ ሞርድካይ ነው፤ የፕሬዚዳንቱ አባት ቶማስ ባዶ እጁን ቀረ። መሬቱን ብቻ የሚከተል ፈላጊ ቶማስን በጭራሽ አያገኘውም።

5. የመሬት ውሎችን በሻጭም በገዢም ማውጫ ፈልጉ።

ሁለት ማውጫ አለ፤ ብዙ ሰው የሚያየው የገዢውን ብቻ ነው። ዝምድና ግን የሚገለጸው ሲሸጥ ነው፦ ወራሾች በአንድነት ሲሸጡ ስማቸው ይዘረዘራል፣ ሚስት የድርሻ መብቷን ስትለቅ ስሟ ይጻፋል፣ አባት ለልጁ በአንድ ዶላር ወይም «ስለ ፍቅሬ» ብሎ ሲሰጥ «ለልጄ» ይላል። አንዳንዱ ውል የሚመዘገበው ከተፈረመ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ ጭምር ስለሆነ ፍለጋችሁን ከሞተበት ቀን አሻግሩት።

መሬት ርቀትን ያገናኛል። ፔንሲልቬኒያ የሞተው ሌላው ሞርድካይ (የፕሬዚዳንቱ ቅድመ አያት የጆን አባት) በ1736 በጸደቀ ኑዛዜው ለልጁ ለጆን ኒው ጀርሲ ያለ መሬት ትቶለታል። ሰዎቹ ቀደም ሲል የት እንደነበሩ የሚያሳየው እንዲህ ያለ መስመር ነው፤ «ሌላ ቦታ ያለኝ መሬት» የሚል ስታገኙ ወዲያው ወደዚያ ካውንቲ ሂዱ።

በቀድሞዎቹ ቅኝ ግዛቶች፣ በኬንታኪና በቴነሲ ወሰን የሚለካው በዛፍ፣ በወንዝና በአቅጣጫ ነው። መለኪያው ፖል ሲሆን አንዱ 16.5 ጫማ ነው፤ 160 ካሬ ፖል አንድ ኤከር ይሆናል። «ከነጭ ኦክ ዛፉ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 120 ፖል» ማለት 1,980 ጫማ፣ ማለትም 600 ሜትር ገደማ ነው። በካሬ ወረቀትና በአንግል መለኪያ ሳሉት፣ የጎረቤቶቹንም ሳሉና አገጣጥሙ። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሰዎች የሚለዩት በዚህ ነው፤ የመሬታቸው ቅርጽ አንድ አይደለምና። ኦሃዮና ከዚያ በስተምዕራብ ያለው አገር በብዛት የተለካው እያንዳንዱ ጎን 6 ማይል በሆነ ካሬ ሲሆን፣ ካሬው 640 ኤከር ባላቸው 36 ክፍሎች ይከፈላል። ከፌዴራል መንግሥት በቀጥታ የተገዛው መሬት ሰነድ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የመሬት ቢሮ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያል።

6. የግብር መዝገቡን ዓመት በዓመት አንብቡ።

ቨርጂኒያ ውስጥ የግል ንብረት ግብር ከ1782 ጀምሮ ከ1808 በቀር በየዓመቱ ተመዝግቧል። አባወራው የሚከፍልበት የወንድ ቁጥር ከአንድ ወደ ሁለት ሲያድግ ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ለግብር ዕድሜ ደርሷል ማለት ነው። ስሙ ጠፍቶ «የእገሌ ውርስ» ወይም የሚስቱ ስም ሲተካ ሞቷል። አንድም ዓመት አትዝለሉ።

7. የጋብቻ ዋስትናና የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ፈልጉ።

በኒው ኢንግላንድ (ማሳቹሴትስን የመሳሰሉ የሰሜን ምሥራቅ ክፍለ ግዛቶች) ከተሞች ልደት፣ ጋብቻና ሞት ከ1600ዎቹ ጀምሮ ስለሚመዘገብ እዚያ መጀመር ያለባችሁ ከከተማው መዝገብ ነው። በደቡቡ ግን የምታገኙት ዋስትና ነው። የዋስትናው ቀን የሠርግ ቀን አይደለም፤ ዋስ የሆነው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሙሽራዋ አባት ወይም ወንድም ነው። የናንሲ ሃንክስ ዋስትና ላይ የፈረመው ሪቻርድ ቤሪ ሞግዚት ነኝ ብሎ ነው። ይህን የሚያነብ ሰው የቤሪን ቤተሰብ ተከትሎ መሄድ አለበት። ኩዌከሮች የተባሉት የክርስትና እምነት ተከታዮች ከአንድ ጉባኤ ወደ ሌላ ሲዛወሩ የመሸኛ ደብዳቤ ይጽፉ ስለነበር ያለ መሬት ውል እንኳ ጉዟቸው ይታወቃል።

8. በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ዕድሜው ለውትድርና የደረሰ ከሆነ የጡረታ ፋይሉን ጠይቁ።

የ1818ቱ ሕግ ችግረኛ የሆኑትን፣ የ1832ቱ ደግሞ በሚሊሻ ያገለገሉትንም ይጨምራል። በ1820 ንብረት አስመዝግቡ ስለተባሉ ብዙዎቹ የሚስትና የልጆቻቸውን ዕድሜ አብረው ተናግረዋል። በ1832ቱ ማመልከቻ ሰውየው በቃለ መሐላ የት እንደተወለደ፣ ሲመዘገብ የት እንደነበርና ከጦርነቱ በኋላ የት የት እንደኖረ ያወራል። ከ1836 ጀምሮ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ጋብቻቸውን ለማስረዳት ከቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ቅጠል ቀድደው ልከዋል፤ ቅጠሉ ዛሬም ፋይሉ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በፋይሉ ቁጥር ፊት «ኤስ» ካለ የወታደሩ፣ «ደብልዩ» ካለ የሚስቱ፣ «አር» ካለ ተቀባይነት ያላገኘ ነው። ውድቅ የተደረገውን አትናቁት፤ ማስረጃ ጨምሩ ስለሚባሉ ብዙ ጊዜ ወፍራም ነው። አንዳንድ ድረ ገጽ የተመረጡ ገጾችን ብቻ ስለሚያሳይ ሙሉው መሆኑን አረጋግጡ። ዋናው የሚገኘው ዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ከኅዳር 1800 በፊት የቀረቡ ማመልከቻዎች በጦር ሚኒስቴሩ እሳት ጠፍተዋል።

9. ምስክሮቹን፣ ዋሶቹንና ጎረቤቶቹን ተከታተሉ።

ሰው በዚያ ዘመን ብቻውን አይሰደድም። የሰውየውን ወላጆች ካጣችሁ ውሉ ላይ የፈረሙትን፣ ንብረቱን የገመቱትንና ቆጠራው ላይ ከላይና ከታች ያሉትን ቢያንስ አምስት አምስት ቤቶች መዝግቡ። ከእነሱ ሁለቱ ከአንድ የቨርጂኒያ ካውንቲ ከመጡ የእናንተም ሰው ከዚያ ሊሆን ይችላል። ፋሚሊሰርች የእጅ ጽሑፍን በኮምፒውተር አንብቦ ሙሉ ቃል የሚፈልግበት አገልግሎት እዚህ ላይ ትልቅ ጉልበት ነው፤ ማውጫ ላይ የማይገቡ ምስክሮችን ያወጣል። አንባቢው ስለሚሳሳት ግን ምስሉን ራሳችሁ እዩ።

10. ማስረጃውን በጽሑፍ አያይዙ።

ለእያንዳንዱ አባትና ልጅ ግንኙነት አንድ አንቀጽ ጻፉ፦ የትኛው ሰነድ፣ የትኛው ካውንቲ፣ መጽሐፍና ገጽ፣ ምን ይላል፣ የሚቃረነው አለ ወይ። አንቀጹን መጻፍ ካቃታችሁ ግንኙነቱ ገና አልተረጋገጠም። የነጻነት ጦርነቱን የደገፉ ሰዎች ሴት ዘሮች የሚሰባሰቡበትን የአሜሪካ አብዮት ሴት ልጆች ማኅበርን የመሰሉ ድርጅቶችም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። የማኅበሩ የአያቶች ዝርዝር በነጻ ይታያል፤ የቆዩት ማመልከቻዎች ግን ማስረጃቸው የላላ ስለሆነ እንደ ጥቆማ ብቻ ያዟቸው።

ቅድመ አያቱ በባርነት የነበረ ከሆነ

መጀመሪያ የሚያዘው የ1870ው ቆጠራ ነው፤ ነጻ የወጡት ሁሉ በስም የተጻፉበት የመጀመሪያው እሱ ነው። ቀጥሎ ከባርነት ነጻ ለወጡት የተቋቋመው የፍሪድመን የቁጠባ ባንክ መዝገብ (ከ1865 እስከ 1874) አለ፤ ሒሳብ የከፈቱ ሰዎች ወላጆቻቸውን፣ ወንድምና እህቶቻቸውን፣ አንዳንዴም የቀድሞ ባለቤታቸውን ስም አስመዝግበዋል። ነጻ የወጡትን ይረዳ የነበረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የፍሪድመን ቢሮ፣ የሥራ ውሎችና የጥቁር ወታደሮች የጡረታ ፋይሎች ይከተላሉ። የ1850ውና የ1860ው የባሪያዎች ቅጽ ከሞላ ጎደል ስም የለውም፤ በባለቤቱ ስም ሥር ዕድሜና ጾታ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ከታወቀ በኋላ የእሱን ኑዛዜ፣ የንብረት ግምትና ውል አንብቡ፤ ሰዎቹ በስማቸው፣ አንዳንዴም እናት ከነልጇ የተጻፉት እዚያ ነው። የያዙት የቤተሰብ ስም የመጨረሻው ባለቤት ስም ነው ብላችሁ ግን አትነሡ፤ የሌላ ጊዜ ወይም የራሳቸው ምርጫ ሊሆን ይችላል።

ማስጠንቀቂያ

ቀን ሲነበብ። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመት የሚገባው መጋቢት 25 ነበር። ስለዚህ ከጥር 1 እስከ መጋቢት 24 ያለው ቀን «የካቲት 11 ቀን 1731/32» ተብሎ ይጻፋል። በ1752 ደግሞ ከመስከረም 2 ወደ 14 ተዘልሏል። ጆርጅ ዋሽንግተን የተወለደው በዚያው የካቲት 11 ቀን ሆኖ ዛሬ 22 ቀን 1732 የሚባለው ለዚህ ነው። ኩዌከሮች ወርን በቁጥር ስለሚጠሩ ከ1752 በፊት «አንደኛ ወር» መጋቢት ነው። የፈረንጁን የወር ስም በአማርኛ ስትገለብጡ የእኛ ወር መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ሰንጠረዡ ላይ ቀኑን እንደተጻፈ ቅዱት፣ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር አትቀይሩት።

ቃል ሲነበብ። «ታላቁ» (ሲኒየር) እና «ታናሹ» (ጁኒየር) የሚሉት ቅጥያዎች ሁልጊዜ አባትና ልጅ አይደሉም፤ በአንድ መንደር ሁለት ጆን ሲኖሩ በዕድሜ ለመለየት ነው፤ ታላቁ ሲሞትም ታናሹ «ታላቁ» ይሆናል። «ወላጅ አልባ» አባቱ የሞተበት ማለት ነው፤ እናቱ ልትኖር ትችላለች። «የአጎት ልጅ» የወንድም ልጅም ሊሆን ይችላል። «አማች» የተባለውም የእንጀራ ልጅ ሆኖ ይገኛል። የቁልምጫ ስምም አለ፦ ፖሊ ሜሪ ናት፣ ፓትሲ ማርታ፣ ሳሊ ሣራ፣ ፔጊ ማርጋሬት፤ ሁለት ሚስት አድርጋችሁ እንዳትመዘግቡ።

የተለመዱ ስሕተቶች

- ስም ስለተመሳሰለ ማገናኘት። ሊንከን ራሱ በ1859 የኒው ኢንግላንዶቹን ሊንከኖች ከወገኖቹ ጋር ለማያያዝ የተደረገው ጥረት ሞርድካይ፣ አብርሃም፣ ኢኖክ የመሳሰሉት ስሞች ከመደጋገማቸው ያለፈ እንዳላስገኘ ጽፏል። ግንኙነቱ እውነት ነበር፤ የጸናው ግን በኋላ በሰነድ ነው።
- አንድ አጻጻፍ ብቻ መፈለግ። የሊንከን አያት በኬንታኪ የመሬት ወረቀት ላይ «ሊንክሆርን» ተብሎ ይገኛል። ስሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡና ጸሐፊው በጆሮው ሊጽፍ የሚችለውን ሁሉ ሞክሩ።
- «ኤሊስ ደሴት ላይ ስሙ ተቀየረ» ብሎ ማመን። ይህ የኒው ዮርክ የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ የተከፈተው በ1892 ነው። የፌዴራል የመርከብ መንገደኞች ዝርዝር የሚጀምረውም በ1820 ስለሆነ ከዚያ በፊት ለገባ ሰው የመርከብ ስም ላይገኝ ይችላል። ፔንሲልቬኒያ የገቡ ጀርመኖች ከ1727 ጀምሮ የታማኝነት መሐላ ስለፈረሙ ዝርዝራቸው አለ።
- ሌላ ሰው የሠራውን የዘር ሐረግ ገልብጦ መለጠፍ። መቶ ሰው የደገመው አንድ ስሕተት ያው አንድ ስሕተት ነው።
- ከዲኤንኤ ምርመራ ብቻ መልስ መጠበቅ። ተራው ምርመራ ከአምስት ስድስት ትውልድ በላይ ይደክማል፤ ከ1800 በፊት ለነበረ ሰው ሰነዱን ደጋፊ እንጂ ምትክ አይሆንም።
- በእናት በኩል ያለውን መተው። ያገባች ሴት የባሏን ስም ስለምትይዝ የአባቷ ስም ከመዝገብ ይጠፋል። ከአባቷ ውርስ ክፍፍልና ከባሏ ዋሶች ስም ጀምራችሁ ፈልጓት።